ሁለት ሀርድ ዲስክ ማመሳከር ለምን ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል? ክሩ ከነመልሶቹ

ሰሞኑን መድረካችን ላይ አንድ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄ ከነመልሶቹ፣ ረዘመ። ሰው መሃል ላይ እየገባ ከላይ የተመለሰውን መልሶ መጠየቅ አበዛ። ስለዚህ እንደ መድረኩ አስተናጋጅ ከላይ እስከ ታች ልተርከው ነው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ስምም አልጠራም። አብዛኞቻችን የሰሜን ሸዋ ልጆች ስለሆንን በየከተማችን እንለያያለን፤ እሱ ይበቃል።

መክፈቻው

ክሩን የከፈተው ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ቤት ያለው ልጅ ነው። እንጀራው የሠርግ ቪዲዮ ነው። ባለ 2 ቴራ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ አለው። አንዱ ሱቅ ይውላል፣ ሌላው ቤት ይቀመጣል። ሁለቱም 1.4 ቴራ ያህል ሞልተዋል። ከጥምቀት በኋላ ጾሙ እስኪገባ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ፣ ሁለቱን እኩል አድርጎ መያዝ አቅቶታል። ፍሪፋይልሲንክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኗል። ፋይሎቹን በይዘት እንዲያወዳድር አዞት ማታ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። ጠዋት ሲመጣ ወይ ገና ግማሽ ላይ ነው፣ ወይ ሌሊት መብራት ሄዶ እንደ አዲስ መጀመር አለበት። የጠየቀው ይሄን ነው፤ እንዴት ላፍጥነው? የተሻለ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ልግዛ ወይስ የሚከፈልበት ሶፍትዌር?

ፎቶም አያይዟል። ሁለቱ ዲስኮች ማሽኑ አናት ላይ ተደርድረዋል። ገመዳቸው ከፊት ለፊት ባሉት ጥቁር የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ገብቷል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓቱ 3:12 ኤኤም ይላል። ከማሽኑ ጀርባ ባለው መስኮት ግን የጠዋት ፀሐይ ፏ ብላለች። ይቺን ፎቶ ልብ በሏት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

መልስ 1፦ ከደብረ ሲና ነው፤ ጨዋ መልስ። ሥራህ ይባረክ ብሎ ጀመረና ጥያቄውን በጥያቄ መለሰ። በይዘት አወዳድር ስትለው ምን እያዘዝከው እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አለው። በይዘት ሲባል ፕሮግራሙ ሁለቱንም ዲስኮች ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ያነባል። ከወዲህ 1.4 ቴራ፣ ከወዲያ 1.4 ቴራ። የፈለገ ጎበዝ ሶፍትዌር ቢሆን ዲስኩ ከሚሰጠው በላይ ማንበብ አይችልም። በሰዓትና በመጠን አወዳድር ካልከው ግን የፋይሉን ሆድ አይከፍትም። ስሙን፣ መጠኑንና መጨረሻ የተነካበትን ሰዓት ብቻ ያያል። ያ ደግሞ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

መልስ 2፦ ከሸዋሮቢት፣ ባጭሩ። ፕሮሰሰር አትግዛ፤ ገንዘብህን ያዝ። ማወዳደሩ እየሄደ፣ ማሽኑ ምን ላይ እንደተጠመደ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ክፈት። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ፣ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ታየዋለህ።

መልስ 3፦ ይሄኛው ፎቶዋን አጉልቶ ያየ ሰው ነው። ጥቁሮቹ ቀዳዳዎች ዩኤስቢ 2 ናቸው ብሎ ሒሳቡን አስቀመጠ። ዩኤስቢ 2 በወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው። ወደ ባይት ሲመነዘር 60 ሜጋባይት ይሆናል። በተግባር የሚገኘው ከ30 እስከ 40 ነው። በ35 ብናስበው 1.4 ቴራ ለማንበብ 11 ሰዓት ይፈጃል። እሱም ለአንዱ ዲስክ ነው። ሁለቱም የፊት ቀዳዳዎች ውስጥ ለውስጥ አንድ መስመር ከተጋሩ ወደ 22 ሰዓት ይጠጋል። ከማሽኑ ጀርባ ሰማያዊ ቀዳዳ ካለ ዩኤስቢ 3 ነው። እዚያ ላይ ማነቆው ገመዱ መሆኑ ይቀርና ዲስኩ ራሱ ይሆናል። በሰከንድ 100 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ያኔ ሙሉው ንባብ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል።

እዚህ ላይ ክሩ ማለቅ ይችል ነበር። አላለቀም።

መልስ 4፦ ባለ ፎቶ ቤቱ ተመለሰ። ገመዶቹን ወደ ጀርባ አዙሯል። በሰዓትና በመጠን አወዳድር ብሎ አዟል። ማወዳደሩ በደቂቃዎች አለቀ። ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ከካሜራ ካርድ የተገለበጡት ቪዲዮዎች አንድም ሳይቀር ይለያያሉ ይለዋል። ከፍቶ ሲያያቸው ግን ያው ራሳቸው ናቸው። አመሳስል ቢለው 1 ቴራ ምናምን እንደ አዲስ ሊገለብጥ ነው።

መልስ 5፦ አዲስ አበባ ሆኖ የሚከታተለን አንድ ችኩል፣ ፕሮግራሙ ቀሽም ነው፣ በነፃ ነገር ሥራ አይሠራም፣ ጣለው አለ። ምክንያት አልሰጠም። ከክሩ ሁሉ ይሄ መልስ ብቻ ነው ምንም የማይረባው፤ ግን ብዙ ላይክ አገኘ።

መልስ 6፦ የደብረ ሲናው ልጅ አልተናደደም። ሰዓቶቹ የሚለያዩት በስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። አንዱን ፋይል ወስደህ ከወዲህም ከወዲያም ጻፍልን አለው።

መልስ 7፦ ባለ ፎቶ ቤቱ አየ። አብዛኞቹ ልክ 11 ሰዓት። ነሐሴ ላይ የተቀረፁ ጥቂቶች ደግሞ ልክ 10 ሰዓት። የቤቱ ቅጂ ሁልጊዜ ከሱቁ ቀድሞ ወደፊት ይገኛል።

መልስ 8፦ ከአንኮበር የምትጽፈው እህታችን እዚህ ላይ ገባች። እኔ በበኩሌ ክሩን ያዳነችው እሷ ነች እላለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር አጣራች፤ ካርዱን ሁለት ቦታ ነው የምትገለብጠው ወይ? አዎ፤ ሱቅ ላይ በዴስክቶፑ ወደ አንዱ ዲስክ፣ ማታ ቤት በላፕቶፑ ወደ ሌላው። እንግዲያው ላፕቶፕህ አሜሪካ ነው ያለው አለችው። ነገሩ ወዲህ ነው። የካሜራ ካርዶች ብዙ ጊዜ ፋት32 በሚባለው የፋይል አያያዝ የተፎረመቱ ናቸው። ፋት32 የሚጽፈው የሰዓቱን ቁጥር ብቻ ነው፤ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ አይጽፍም። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ሌላ አያያዝ የተፎረመተው ኤክስተርናል ዲስክ ግን ሁሉን ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት መልሶ ነው የሚያስቀምጠው። መላሹ ደግሞ ማሽኑ ነው፤ በራሱ ታይም ዞን፣ ማለትም የየት አገር ሰዓት ተብሎ በተሞላለት፣ ያሰላል። የሱቁ ማሽን ናይሮቢ በሚለው፣ ከኛ ጋር አንድ በሆነው ሰዓት ላይ ነው፤ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ሲጫን ማንም ሳይነካው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ቀርቷል፤ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። 3 እና 8፣ 11። እነሱ በበጋቸው ሰዓታቸውን በአንድ ስለሚገፉ ነሐሴ ላይ 10 ይሆናል።

መድኃኒቱንም ሰጠች። የላፕቶፑን ታይም ዞን ናይሮቢ አድርግ። ይሄ ከዛሬ በኋላ የሚገለበጠውን ነው የሚያድነው፤ ቀድሞ የተጻፈውን አያርምም። ላለፈው ፍሪፋይልሲንክ ውስጥ የሰዓት ልዩነትን ችላ በል የሚል ቦታ አለ። ከአንድ በላይ ቁጥር ይቀበላል። 11 እና 10 ብለህ ጻፍለት።

መልስ 9፦ ባለ ፎቶ ቤቱ ምርቃት በምርቃት። ከሺዎቹ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ፋይሎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እውነትም የተለወጡ።

መልስ 10፦ ደስታው ሳይበርድ አንድ ስለታም መጣ። ፎቶዋን አይታችኋል ወይ አለ፤ ፀሐይ ወጥታ ሰዓቱ 3:12 ኤኤም? የሱቁ ማሽን ሰዓት በእጅ ወደ ሐበሻ አቆጣጠር ተገፍቷል ማለት ነው። ይሄን የሚያደርግ ሰው ኮምፒውተር ባይነካ ይሻላል ብሎ ጨረሰው። ነጥቡ ልክ ነበር። አፉ ግን አልነበረም።

መልስ 11፦ ከዓለም ከተማ የሚጽፉ ጡረታ የወጡ መምህር አሉን፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸውም ረጋ ብለው መለሱ። እኔም ማሽኔን በ3 ሰዓት 3 እንዲል ነው ያስተካከልኩት አሉ። ጠዋት ተነስቼ 9 የሚል ሰዓት ማየት አልፈልግም፤ ሰዓቱ የኔ ነው፣ ማሽኑም የኔ ነው። ሰውን ለመስደብ ምን አስቸኮለህ ሲሉም ልጁን ገሠጹት።

መልስ 12፦ የሸዋሮቢቱ ሰው ጋሼን በአክብሮት አንቱ እያለ፣ ችግሩ የት ላይ እንደሆነ በምሳሌ አሳየ። ይሄን ሁላችሁም አንብቡት። ባለ ፎቶ ቤቱ አንድ የኤዲቲንግ ፕሮጀክት ከቀኑ 8 ሰዓት ቤት ላፕቶፑ ላይ ነካ እንበል። ፋይሉ ላይ 14:00 ይጻፋል። ከዚያ ሱቅ ሄዶ እስከ 11 ሰዓት ሠርቶ አስቀመጠ። በእውነቱ 17:00 ነው፤ የሱቁ ማሽን ግን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ 11:00 ብሎ ይጽፋል። ማታ አዲሱ አሮጌውን ይተካ ብሎ ሲያመሳስል የቤቱ አዲስ ሆኖ ይታያል። የከሰዓቱ ሥራ በአሮጌ ፋይል ተደምስሶ ያድራል። ስህተት ተፈጠረ የሚል ጽሑፍም አይመጣም። በሰዓት ማወዳደር ፈጣን ነው፤ ግን ሰዓቱ የተዋሸ ከሆነ በፍጥነት ነው የሚያጠፋው።

መልስ 13 ስለታሙ ሰውዬ ነው፤ ነግሬያችሁ ነበር አለ። መልስ 14ን አጥፍቼዋለሁ። የሰውዬውን አገርና ጎሣ ያነሳ ነበር። ደንቡን ታውቃላችሁ።

መልስ 15፦ አንኮበር። ሁለቱንም ያስታረቀው ይሄ ነው፤ እኔ በግሌ እንዲህ ያለ ብልሃት አስቤው አላውቅም። ጋሼ፣ ሰዓቱን አይግፉት፣ ታይም ዞኑን ይግፉት አለች። እኛ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። የሐበሻ አቆጣጠር ከዚያ 6 ሰዓት ይቀንሳል። 3 ሲቀነስ 6፣ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ቦነስ አይረስን ይምረጡ፤ አርጀንቲና አሁን በበጋም በክረምትም ሰዓቷን አትቀያይርም። በኛ 3 ሰዓት ላይ ስክሪኑ 3 ይላል። ውስጡ ግን ማሽኑ ትክክለኛውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ይዟል። ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ላይ የሚጻፈው እሱ ስለሆነ ማመሳሰሉ አይሳሳትም። እንዲያውም አንድ ጥቅም አለው፤ ቀኑ የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። የኛም ቀን የሚጀምረው እዚያው ላይ አይደል!

ማስጠንቀቂያም አስከትላለች። የካሜራ ካርድ የሚገለብጡ ማሽኖች ሁሉ አንድ ታይም ዞን ላይ ይሁኑ። አንዱ ቦነስ አይረስ፣ ሌላው ናይሮቢ ከሆነ የ11 ሰዓቱ ጣጣ በ6 ሰዓት ተተክቶ ይመጣል። ታይም ዞንን በራስህ ምረጥ የሚለውም ይጥፋ፤ አለበለዚያ ማሽኑ መልሶ ይቀይረዋል።

ጋሼ በመልስ 16 አመሰገኗት። የንጋቱን ነገር ሲያዩ ልባቸው ሞልቷል። ስለታሙም እዚያው ሥር ይቅርታ ጠየቀ፤ ይመዝገብለት።

መልስ 17፦ ሰዓት ከተነሳ ይቺም ትነሳ ያለ ከደብረ ብርሃን። ዴስክቶፕ ማሽን ማዘር ቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች። እሷ ከሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ኢንተርኔት ከሌለ ማንም አያርመውም። የዚያን ቀን የተሠራው ሁሉ የጥንት ፋይል መስሎ ይቀመጣል። ባትሪዋ ሰዓት ጠጋኞች ጋር አትጠፋም። እኛ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሚመላለስ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መልስ 18፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሊኑክስ ተጠቀሙ አለ። አርሲንክ የሚባለው በ1996 የወጣው ፕሮግራም የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ ለይቶ ስለሚያስተላልፍ ትልቅ ቪዲዮ ላይ ተአምር ይሠራል ሲል ጻፈ። የአንድሩ ትሪጀልንና የፖል ማኬራስን ስም ሳይቀር ጠራ። ያነበበ ልጅ ነው።

መልስ 19፦ አነበበ እንጂ እስከ መጨረሻው አላነበበም አለው ሌላው። ቁራጭ ለይቶ መላክ የተፈጠረው በቀጭን የኔትወርክ መስመር ለተለያዩ ሁለት ማሽኖች ነው። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ማሽን ላይ ከተሰኩ ቁራጩን ለመለየት ሁለቱንም ማንበብ ግድ ነው። ስለዚህ አርሲንክ ራሱ ባንድ ማሽን ውስጥ ሲሠራ ያንን ዘዴ ትቶ ፋይሉን ሙሉውን ይገለብጣል። የሱ ፍጥነት የሚመጣው ከዚሁ ከመጠንና ከሰዓት ነው። ቼክሰም የሚለውን ካዘዝከው ሁሉን ያነባል፤ ወደ መክፈቻው ጥያቄ መመለስህ ነው። ተማሪው በመልስ 20 ተቀበለ፤ አልተከራከረም።

መልስ 21፦ ከሸኖ። የምታወዳድሩትን ቀንሱ አለ። የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ካሽና ፕሪቪው እያሉ በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ይፈለፍላሉ። እነሱ ተመልሰው የሚሠሩ ናቸው። ፎልደራቸውን ከማመሳሰሉ አስወጧቸው። ሀርድ ዲስክን የሚገድለው ትልቁ ቪዲዮ አይደለም፤ መርፌው ከዚህ እዚያ እየዘለለ የሚለቅማቸው ትንንሾች ናቸው። ያለቀ የፎቶ አልበም ሳትጨምቁት ባንድ ዚፕ ቢታሰር ማወዳደሩም መገልበጡም ይቀላል። ይሄ ምክር ብዙ ሰው ዓይኑን ሳያሳርፍበት አለፈ። እኔ ከዩኤስቢ 3 ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ።

መልስ 22፦ አንዱ ደግሞ ሰዓቱን ጨርሶ ተዉት፣ በስምና በመጠን ብቻ አወዳድሩ አለ። መልስ 23 ወዲያው አረመው። ብዙ ካሜራዎች አዲስ ካርድ ሲገባላቸው ከ00000 ጀምረው ነው ስም የሚሰጡት። ሁለት ሠርግ አንድ ፎልደር ከገባ ስም አይለይም። ረጅም ሥነ ሥርዓት ሲቀረፅ ደግሞ ፋት32 ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ስለማያልፍ ካሜራው ይቆራርጠዋል። የተሞሉት ቁራጮች መጠናቸው ይቀራረባል። የከበደ ሠርግ ከአለሙ ሠርግ ጋር ቢቀላቀል ማን ይዳኛል? ስሞቹ ለምሳሌ ናቸው፣ ዘመድ እንዳይቆጣ።

መልስ 24፦ ከመራቤቴ የጻፈው በይዘት ማወዳደር ጨርሶ ይቅር ማለት ስህተት ነው አለ፤ እኔም እስማማለሁ። ሰዓትና መጠን እኩል ሆነው ውስጡ የተበላሸ ፋይል አለ። ስለዚህ አንድ ሠርግ ሲገለበጥ አንዴ ሃሽ አውጡለት። ሃሽ ማለት ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር አሻራ ነው፤ ኤምዲ5 ከሆነ 32 ፊደልና ቁጥር። ለየሠርጉ ፎልደር አንድ የጽሑፍ ፋይል። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው የአንድ ሠርግ ሥራ ብቻ ነው፤ ከዜሮ አትጀምሩም። ሌላ ጊዜ አንዱን ዲስክ ብቻ አንብባችሁ ከዝርዝሩ ጋር ታመሳክራላችሁ። የሱ ሁለተኛ ዲስክ አዲስ አበባ እህቱ ቤት ነው። እሷ ዝርዝሩን በቴሌግራም ትልክለታለች፤ ዲስኩ ከቤት አይወጣም። አንድ ነገር ጨመረ፤ ገልብጣችሁ ወዲያው ሃሽ ብታወጡ ማሽኑ ከሚሞሪ ላይ ሊያነብላችሁ ይችላል። ዲስኩን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ አንብቡ።

መልስ 25፦ ኤምዲ5? በዚህ ዘመን? ከ2004 ጀምሮ የተሰበረ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ሃሽ እንዲኖራቸው ማድረግ ተችሏል ብሎ ተሳለቀ አንዱ።

መልስ 26፦ መራቤቴ ትዕግሥቱ አለቀ። የተሰበረው ሆን ብሎ ለሚያጭበረብር ሰው ነው። የሙሽራን ቪዲዮ በሃሽ አመሳስሎ የሚያጭበረብር ጠላት ካለህ ሀርድ ዲስክ ሳይሆን ሽማግሌ ያስፈልግሃል አለው። በአጋጣሚ ለሚበላሽ ፋይል ኤምዲ5 ከበቂ በላይ ነው። የፈለገ ኤክስኤክስሃሽ የሚባለውን ሌላ ሃሽ ይውሰድ፤ ፈጣን ነው። ግን ዲስኩ በሰከንድ 100 ሜጋባይት እየሰጠ የሃሹ ፍጥነት ምን ለውጥ ያመጣል?

መልስ 27፦ ከአጣዬ የመጣ ታሪክ። ሮቦኮፒ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ አብሮ የሚመጣ ጥሩ የፋይል መገልበጫ ኮማንድ ነው። ሚረር የሚባለው ትእዛዙ ግን መነሻው ላይ የሌለውን ከመድረሻው ላይ ያጠፋል። የሚያውቀው አንድ ባለሙያ አዲስ ባዶ ዲስክ ገዝቶ መነሻና መድረሻውን አቀያየረው። ባዶው ዲስክ ሙሉውን ባዶ አደረገው። ማሽኑ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ስለዚህ መጀመሪያ ዝርዝር ብቻ አሳየኝ የሚለውን ትእዛዝ ስጡት፣ አንብቡት፣ ከዚያ ልቀቁት። ፍሪፋይልሲንክም የሚጠፉትን ወደ ሌላ ፎልደር እንዲያስቀምጥ ሊታዘዝ ይችላል።

መልስ 28፦ ፍላሽ ላይ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑብኝ፣ ምን ላድርግ? ይሄ ሌላ ክር አለው ብዬ መራሁት።

መልስ 29፦ ከመሐል ሜዳ። እዚህ ላይ ከርዕሱ ወጣን፤ አላስቆምኩም፤ ደስ ስላለኝ። የኛ ከተማ ከ3,000 ሜትር በላይ ነች፣ ዲስኮቻችን ቶሎ ይሞታሉ፣ ከፍታው ያዘገያቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 30፦ የሸዋሮቢቱ ሰው ቀድሞ ሙድ ያዘበት። ዲስክህን በበርኖስ ጠቅልለው አለው። መልስ 31 ደግሞ ቆላ ያለ ሰው ስለ ብርድ ምን አገባው አለ። ደብረ ብርሃንና መንዝ የማን ውርጭ ይብሳል ወደሚለው አዘነበለና ጥቂት መልሶች በዚያው ሄዱ። ቁጥራቸውን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 37፦ አንኮበር መለሰችን። ቀልድ አይደለም አለች። ሀርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ማንበቢያ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየር ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ብዙ አምራቾች የሚሠራበት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው ብለው ይጽፋሉ። ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ነች፤ መሐል ሜዳ ግን ጠርዙ ላይ ነች። ከፍታው በራሱ ፍጥነት አይቀንስም። ማንበቢያው ሳህኑን ከነካ ግን ዲስኩ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል ይዘገያል። ታሽጎ በሂሊየም የተሞላ ዲስክ ወይም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ይሄ አይነካውም። ውርጭ ያደረበትን ዲስክ ደግሞ ሞቅ ያለ ክፍል አስገብታችሁ ወዲያው አትሰኩት፤ ጤዛ ይይዛል። ቆላ ያላችሁም አትሳቁ፤ ብዙ ዲስክ 60 ዲግሪ ላይ ገደቡ ነው።

መልስ 38፦ ባለ ፎቶ ቤቱ። የሱቁን ማሽን ሰዓት መልሷል። ባትሪዋን ቀይሯል። ካሹን አስወጥቷል። አሁን ማታ ማታ የሚያመሳስለው በሰዓትና በመጠን ነው፤ ሱቅ ሳይዘጋ ያልቅለታል። ሃሹን ለየሠርጉ ማውጣት ጀምሯል። ማሽንም ሶፍትዌርም አልገዛም። ሆኖም አዲሱ ሠርግ ወደ ቤቱ ዲስክ ሲገለበጥ በጥሩ ፍጥነት ጀምሮ መሃል ላይ ክፉኛ ይወርዳል ይላል፤ ለምን?

መልስ 39፦ ደብረ ሲና። ትንንሾቹ ኤክስተርናሎች ብዙዎቹ ትራኩ እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ የሚጻፍባቸው ናቸው። ለመጻፍ መጀመሪያ ትንሽ ፈጣን ቦታ አላቸው፤ እሱ ሲሞላ ያንቀራፍፋሉ። ንባቡን አይነካውም። ዲስኩ የተበላሸ አይደለም። ባንዴ ከመቆለል ሠርግ በሠርግ እያረፈ ይገልብጥ። ዲስክ ላይ የመጻፊያ ካሽ (የሚጻፈውን ለጊዜው ሚሞሪ ላይ የሚያቆየውን) ክፈት የሚል ምክር ሰምቶ ከሆነም መብራት በሚሄድበት አገር አይሞክረው፤ ሳይጻፍ የቀረው አብሮ ይጠፋል።

መልስ 40፦ የመሐል ሜዳው ልጅ የዲስኩን የጤና ዝርዝር እንዲለጥፍ አንኮበር ጠይቃው ነበር። መብራት ሲመጣ እለጥፋለሁ ብሏል። ክሩን ያልዘጋሁት ለዚህ ነው።